በመክፈቻው ሳምንት መጨረሻ ሦስቴ መሸነፍ ምን ይነግረናል? የቤዝቦል ጅማሬ እንዴት ይነበባል

የ2025 የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ሲከፈት የሚልዋኪ ብሩወርስ ደጋፊ መሆን ከባድ ነበር። ቡድኑ ማርች 27፣ 29 እና 30 ኒው ዮርክ ላይ ከያንኪስ ጋር ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ 4 ለ2፣ 20 ለ9፣ 12 ለ3። ቅዳሜ ዕለት የብሩወርሱ ኔስተር ኮርቴስ የወረወራቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኳሶች ሦስቱም ተመትተው ከአጥር ውጭ አረፉ። ሰኞ ወደ ከተማቸው ተመልሰው ከካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ጋር ሲገናኙ ደግሞ 11 ለ1 ተረቱ። በአራት ጨዋታ 47 ነጥብ ተቆጠረባቸው።

ያው ቡድን ሴፕቴምበር ሲያልቅ 97 አሸንፎ፣ 65 ተሸንፎ፣ ከሊጉ 30 ቡድኖች ሁሉ የበለጠ ውጤት ይዞ ጨረሰ። ያንኪስ በ94 ድል ከበታቹ ቀረ።

በየዓመቱ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደጋፊው ሁለት ሦስት ጨዋታ አይቶ ወይ ዋንጫውን ያነሳል ወይ አሰልጣኙን ያባርራል። ልጆቻቸው ቤዝቦል ስለሚወዱ ስታዲየም መሄድ የጀመሩ፣ እግር ኳስ ለምዶባቸው ያደጉ ብዙ ወገኖቻችንም ይኸው ግራ ያጋባቸዋል፤ ምክንያቱም በእግር ኳስ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት ከባድ ነገር ነው። እዚህ የምናብራራው ከአንድ የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ ውስጥ የትኛው ነገር እንደሚታመን፣ የትኛው እንደማይታመንና ምክንያቱን ነው።

ሲሪስ ምንድን ነው? ለምን ከአንድ ቡድን ጋር በተከታታይ ይጫወታሉ?

እያንዳንዱ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ አለው፤ 81 በሜዳው፣ 81 ከሜዳው ውጭ። ይህ ማለት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታል። በየቀኑ ከከተማ ከተማ መብረር ስለማይቻል ቡድኑ አንድ ከተማ ሄዶ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በተከታታይ ቀናት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይጫወትና ይሄዳል። ይህ ሲሪስ ይባላል። በዓመት ከ50 በላይ ሲሪስ አለ፤ አብዛኛው ባለ ሦስት ጨዋታ ነው።

የሳምንት መጨረሻ ሲሪስ ብዙውን ጊዜ ዓርብ ማታ ይጀምርና እሑድ ከሰዓት ያልቃል። የመክፈቻው ሳምንት ግን ትንሽ ይለያል። ሐሙስ ተከፍቶ ዓርብ ባዶ የሚተወው፣ ሐሙስ ዝናብ ወይም በረዶ ከጣለ ጨዋታው በማግስቱ እንዲካሄድ ነው። ብሩወርስና ያንኪስ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ የተጫወቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ለአዲስ ተመልካች ያህል፦ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ አንዱ ቡድን ሦስት ሰው እስኪወጣበት ድረስ ይመታል፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ወርዋሪ ይባላል፤ ጨዋታው በአብዛኛው የሚወሰነው በሱ ነው። መቺው ሦስት ስትራይክ (ሊመታ ሞክሮ የሳተው ወይም ሳይመታ ያሳለፈው ትክክለኛ ውርወራ) ከተቆጠረበት ስትራይክ አውት ሆኖ ይወጣል። አራት የተሳሳቱ ውርወራዎችን ሳይመታ ካሳለፈ ደግሞ ዎክ ይባልለትና ወደ አንደኛው ቤዝ (ዞሮ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ ከሚረገጡት ማረፊያዎች የመጀመሪያው) በነፃ ይሄዳል። ኳሱን ከአጥር ውጭ ከጣለው ሆም ረን ነው።

የሲሪስን ባሕርይ የሚወስነው ግን የወርዋሪዎቹ ተራ ነው። ጨዋታውን የሚከፍተው ወርዋሪ በአንድ ቀን ከ80 እስከ 100 ኳስ ስለሚወረውር ክንዱ አራት አምስት ቀን ማረፍ አለበት። ስለዚህ ቡድኖች አምስት ያህል ከፋች ወርዋሪዎች ይዘው በተራ ያሰልፋሉ። ሦስት ጨዋታ ስታዩ ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ነው ያያችሁት። ተጋጣሚውም እንዲሁ። ሐሙስ የተሰለፈውና ቅዳሜ የተሰለፈው ቡድን ማልያው አንድ ቢሆንም በጥንካሬ በጣም ሊለያይ ይችላል።

ከፋቹ ሲደክም የሚገቡት ተተኪ ወርዋሪዎች በአንድነት ቡልፔን ይባላሉ። ከታች ስለነሱ ብዙ ስለምንል ቃሉን ያዙት።

ሦስት ጨዋታ ከ162 ውስጥ ስንት ነው?

ከመቶ ሁለት አይሞላም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ አለው፤ የቤዝቦል ሦስት ጨዋታ በዚያ መጠን ሲሰላ የአንድ ግጥሚያ 63 ደቂቃ ያህል ነው። የሊጉን የመጀመሪያ ግጥሚያ 63ኛው ደቂቃ ላይ አጥፍቶ ስለ ሻምፒዮኑ የሚከራከር ሰው የለም።

ሌላው ምክንያት በቤዝቦል በጠንካራና በደካማ ቡድን መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ጠባብ መሆኑ ነው። በጣም ጥሩ ቡድን ከ10 ጨዋታ 6ቱን ያሸንፋል፤ ደካማው 4ቱን። በእግር ኳስ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይሸነፋል፤ በቤዝቦል ሻምፒዮኑ 60 ጊዜ ተሸንፎም ሻምፒዮን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ10 ጨዋታ 6 የሚያሸንፍ ቡድን አንዱን ጨዋታ የመሸነፍ ዕድሉ 0.4 ነው። ሦስቱንም ለመሸነፍ 0.4 በ0.4 በ0.4 ይባዛል፤ 0.064 ይሆናል። ከመቶ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። በዓመት 50 ያህል ሲሪስ ላለው ቡድን ይህ በግምት ሦስት ጊዜ ይደርስበታል፤ ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ሳያጠፋ። በጁላይ አጋማሽ ሲደርስ ማንም አያስታውሰውም። በመክፈቻው ሳምንት ሲደርስ ግን የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ 0 ለ3 ሆኖ ብቻውን ስለሚቆም ዓይን ውስጥ ይገባል።

ዕድል የሚገባበትን ቦታም ማወቅ ይጠቅማል። በሜዳው ውስጥ ከሚወድቁ የተመቱ ኳሶች በአማካይ ከ10ሩ 3 ያህሉ መቺውን ቤዝ ላይ ያደርሳሉ። የቀሩት ተከላካይ እጅ ይገባሉ። በጣም አጥብቆ የመታው ቀጥታ ተከላካይ ጓንት ውስጥ ሲገባበት፣ በባቱ፣ ማለትም በመምቻው እንጨት፣ ጫፍ ነካ ያደረገው በሁለት ተከላካዮች መሀል ይወድቅለታል። በ162 ጨዋታ ይህ ይቻቻላል። በሦስት ቀን አይቻቻልም።

ታዲያ በዚያ ሳምንት መጨረሻ በብሩወርስ ላይ የደረሰው ምንድን ነው?

ሦስቱ ሽንፈቶች በውጤት ሰንጠረዥ ላይ እኩል ይቆጠራሉ፤ በይዘታቸው ግን አይመሳሰሉም።

ሐሙስ የከፈተው ፍሬዲ ፔራልታ ነበር፤ የቡድኑ ምርጥ ወርዋሪ። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ቀርቦ ነው ያለቀው። በዘጠነኛው ኢኒንግ ብሩወርስ ሦስቱንም ቤዝ ሞልተው ነበር። ያቆማቸው ያንኪሱ ዴቪን ዊሊያምስ ነው፤ ብሩወርስ ራሳቸው በዲሴምበር ኮርቴስንና ኬሌብ ደርቢንን ተቀብለው አሳልፈው የሰጡት ተጫዋች። እንዲህ ያለ ሽንፈት ስለ ቡድኑ ደካማነት ምንም አይናገርም።

የቅዳሜው ሌላ ነው። ኮርቴስ ቶሎ ተመትቶ ወጣ፤ ሜዳ ላይም ስህተት ተደራረበ። ያንኪስ በአንድ ጨዋታ 9 ሆም ረን መታ፤ በክለቡ ታሪክ ከፍተኛው ነው። በሊጉ ታሪክ ከዚያ በላይ የመታ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ብቻ ነው፤ በ1987፣ 10 ሆም ረን። ውጤቱ ሲሰፋ ብሩወርስ ወርዋሪ ያልሆነውን ጄክ ባወርስን አስወረወሩ። ሕጉ ይህንን የሚፈቅደው ቡድኑ በ8 ነጥብና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ሲቀር ወይም ጨዋታው ሲራዘም ነው፤ መሪው ቡድንም በ9ኛው ኢኒንግ 10 ነጥብ ከራቀ ይችላል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ለአሰልጣኙ ግን የነገን ክንድ ማትረፊያ ነው።

ምክንያቱም አንድ መጥፎ ቀን ነገን ይዞ ይሄዳል። ከፋቹ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ኢኒንግ ከወጣ ቡልፔኑ ስድስት ሰባት ኢኒንግ መሸፈን አለበት። ዛሬ 30 ኳስ የወረወረ ተተኪ ነገ አይገኝም፤ ምናልባት ከነገ ወዲያም። ስለዚህ እሑድ አሰልጣኙ ጥሩውን ሳይሆን ያረፈውን ይጠራል። የመጀመሪያው ሽንፈት ሰፊ ሲሆን ሁለተኛው የሚሰፋበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። እሑድ የከፈተው አሮን ሲቫሌም በጭኑ ጅማት ጉዳት ከዚያ ጨዋታ በኋላ ወደ ጉዳተኞች ዝርዝር ገባ።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ቡድን ሙሉ አልነበረም። ብራንደን ውድረፍ ከትከሻ ቀዶ ሕክምና ገና አልተመለሰም፤ ቶቢያስ ማየርስ፣ ዲ ኤል ሆልና አሮን አሽቢም ተጎድተው ውጭ ነበሩ። ኒው ዮርክ ላይ የታየው ብሩወርስ ለዓመቱ ያሰበውን የወርዋሪ ሰልፍ አላሰለፈም። ያ ሳምንት ካለቀ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል፤ ከሦስቱ ከፋቾች ሲቫሌ በጁን፣ ኮርቴስ በጁላይ መጨረሻ ለሌላ ቡድን ተሰጡ። እስከ ኦክቶበር በቡድኑ የቆየው ፔራልታ ብቻ ነው፤ እሱም 17 ጨዋታ አሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ። የቡድኑ ውርወራ በዓመቱ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆነ።

የመጀመሪያ ሲሪስ ላይ ፍርድ መስጠት ሽንኩርቱ ገና ሲቁላላ ቀምሶ ወጡ አልጣፈጠም እንደማለት ነው፤ ገና ያልገባው ነገር ብዙ ነው።

የዚያ ሰሞን መነጋገሪያ የነበረው ባትስ?

ያንኪስ በሦስት ጨዋታ 15 ሆም ረን ሲመታ ወሬው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ዞረ፤ አንዳንድ ተጫዋቾች ቅርጹ የተለወጠ ባት ይዘዋል፣ ያታለሉ ይመስላል የሚል። ቶርፒዶ የሚባለው ባት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በተለመደው ባት እንጨቱ የሚወፍረው ወደ ጫፉ ነው። በዚህኛው ውፍረቱ ከጫፉ ወደ እጀታው አቅጣጫ ተስቦ፣ ያ ተጫዋች ኳሱን አዘውትሮ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ይውላል፤ ጫፉ ደግሞ ይሳሳል። ሐሳቡን ያመጣው ቀድሞ የፊዚክስ ሊቅ የነበረውና በያንኪስ የሠራው አሮን ሊንሃርት ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ባቱ ከአንድ ወጥ እንጨት እንዲሆን፣ ውፍረቱ ከ2.61 ኢንች ወይም 6.6 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም ከ42 ኢንች ወይም 107 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ቶርፒዶው ይህን ያሟላል። ሕጋዊ ነው።

ጃዝ ቺዝሆምና አንቶኒ ቮልፒ ይህን ባት ይዘው ነበር። በዚያ ሲሪስ አራት ሆም ረን የመታው አሮን ጃጅ ግን የተለመደውን ባት ነው የያዘው። ስለዚህ ባቱ ብቻውን ያንን ሳምንት መጨረሻ አያብራራም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከዚያ ሲሪስ ውስጥ እውነት የተናገረ ነገር አለ። ያንኪስ ዓመቱን በ274 ሆም ረን ከሁሉም ቡድን በላይ ሆኖ ጨረሰ፤ ጃጅ ብቻውን 53 መታ። ሲሪሱ ስለ ያንኪስ ጉልበት የነገረን ትክክል ነበር፣ ስለ ብሩወርስ ውርወራ የነገረን ስህተት ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ? ያንኪስ ከዓመት በፊትም ሆም ረን በመምታት ቀዳሚ ነበር፤ ጃጅም ማን እንደሆነ ይታወቃል። አዲሱ መረጃ ከቀድሞው ጋር ሲገጥም እመኑት። ከቀድሞው ጋር ሲጋጭ፣ ያውም በሦስት ቀን ብቻ፣ ጊዜ ስጡት።

ውጤቱን ካልሆነ ምንን ልይ?

በሦስት ቀን ውስጥ የሚታመኑ ነገሮች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን ጠቃሚ ናቸው።

አንደኛውና ዋናው የውርወራ ፍጥነት ነው። ወርዋሪ በአንድ ቀን 80 ጊዜ ስለሚወረውር ፍጥነቱን ለማወቅ አንድ ጨዋታ ይበቃል። ማነጻጸር ያለባችሁ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከአምናው ጋር ነው። በብርድ ወቅት በሰዓት አንድ ማይል ገደማ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ሁለት ወይም ሦስት ማይል ከቀነሰ ግን፣ ጨዋታውን ቢያሸንፍ እንኳ፣ ክንዱ ደህና ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከጉዳት በፊት ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። አሸናፊ ወርዋሪ ላይ የሚታይ የፍጥነት መውረድ ከተሸናፊው 8 ነጥብ የበለጠ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው የስትራይክ አውትና የዎክ ብዛት ነው። ሁለቱም ከተከላካይ ችሎታና ከኳሱ አወዳደቅ ዕድል ነፃ ስለሆኑ ቶሎ እውነቱን ይናገራሉ። በስታቲስቲክስ የሚሠሩ ሰዎች እንደሚሉት የአንድ መቺ የስትራይክ አውት መጠን መታመን የሚጀምረው 60 ጊዜ ያህል ለመምታት ከቆመ በኋላ ነው፤ የዎክ መጠኑ 120 ያህል ይፈልጋል። ሰዎች ቀድመው የሚያዩት የመምታት አማካይ ግን ወደ 900 ገደማ ይፈልጋል፤ ከአንድ ሙሉ ዓመት በላይ። አንድ መቺ በሦስት ጨዋታ የሚቆመው 12 ወይም 13 ጊዜ ብቻ ነው። ከ12 ሁለቱን ከመታ አማካዩ 0.167 ነው፤ አስደንጋጭ ይመስላል። ከቀሩት አንዷ ኳስ ተከላካዩ እጅ ከመግባት ፈንታ ግማሽ ሜትር ብትርቅለት 0.250 ይሆን ነበር። ሰውየው ያው ነው።

ሦስተኛው አሰልጣኙ ማንን እንደሚያምን ነው። ውጤቱ እኩል ሆኖ ወይም በአንድ ነጥብ ልዩነት 8ኛው ኢኒንግ ሲደርስ ከቡልፔን ማን ተጠራ? በሁለት ተከታታይ ቀን የወረወረው ማን ነው? ግራኝ ወርዋሪ ሲገባ ከሰልፉ የወጣው መቺ የቱ ነው? ይህ ዕድል አይደለም፤ ውሳኔ ነው፤ ክለቡ ስለ ተጫዋቾቹ ለራሱ የሚያስበውን ያሳያል።

የማይታየውን ነገርም ፈልጉ። ይሰለፋል የተባለ ሰው ሁለት ቀን ካልተሰለፈ ምክንያቱን የሚናገር ዜና አለ።

ብርዱ ምን ያህል ይለውጣል?

ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ኳሱን ይይዘዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲለወጥ ርቆ የተመታ ኳስ በ1 ሜትር ገደማ ይለወጣል። በኤፕሪል 45 ዲግሪ ላይ የተመታና በጁላይ 85 ዲግሪ ላይ የተመታ ያው ኳስ የ4 ሜትር ያህል ልዩነት አላቸው፤ አንዱ አጥር ሥር ይያዛል፣ ሌላው ሆም ረን ነው። የቀዘቀዘ ጣት ኳሱን አጥብቆ መያዝ ስለሚቸገርም ዎክ ይበዛል፤ ተከላካዮችም ይስታሉ። ጣሪያ ባላቸው ስታዲየሞች፣ ሚልዋኪ አንዷ ናት፣ ይህ አይሠራም፤ ስለዚህ በኤፕሪል የሁለት ቡድኖችን ቁጥር ስታነጻጽሩ የት እንደተጫወቱ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወርዋሪዎቹም ገና አልሞቁም። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል ሲለማመዱ የሚወረውሩት ኳስ ቀስ በቀስ ነው የሚጨምረው። በመጀመሪያው ሳምንት አሰልጣኙ ጥሩ እየወረወረ ያለውን ሰው በ5ኛው ኢኒንግ ሲያስወጣው የሚቆጣ ደጋፊ አለ፤ ክንዱ ገና ለ100 ኳስ አልደረሰም።

ክፍተት ከታየ ክለቡ በፍጥነት ምን ያደርጋል?

ዋናው ሰልፍ 26 ሰው ነው፤ ከነዚህ ወርዋሪ ሊሆኑ የሚችሉት ቢበዛ 13 ናቸው። የተጎዳ ወርዋሪ ጉዳተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ 15 ቀን ይቀመጣል፤ ሌላ ተጫዋች 10 ቀን። ቦታው ከታችኛው ሊግ በሚጠራ ሰው ይሞላል። የደከመ ቡልፔንም እንዲሁ ይታደሳል፤ ትናንት ብዙ የወረወረው ወጣት ወደ ታች ይላካል፣ ያረፈ ሰው ይመጣል። ቅዳሜ ሌሊት እንዲህ ያለ ዜና ካያችሁ ቅጣት አይምሰላችሁ፤ የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚያ በላይ ካስፈለገ ዝውውር አለ። ብሩወርስ የመክፈቻው ሲሪስ ካለቀ በስምንተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 7፣ ኩዊን ፕሪስተር የተባለውን ወጣት ወርዋሪ ከቦስተን ሬድ ሶክስ አመጡ። በዚያ ወቅት ብዙ ሰው ልብ አላለውም። እሱ 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ጨረሰ። በጁን አጋማሽ ሲቫሌን ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጥተው አንድሩ ቮንን ተቀበሉ፤ ሲደርስ ጀምሮ መታላቸው። በዚያው ሳምንት ጄከብ ሚዞራውስኪ የተባለውን እሳት ወርዋሪ ከታች አወጡት። ውድረፍ በጁላይ ተመለሰ። በኦገስት 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ፤ በክለቡ ታሪክ ረጅሙ ነው። የመክፈቻው ሳምንት ችግር እውነተኛ ነበር፤ የወርዋሪ እጥረት ነበረባቸው። ትክክል ያልነበረው ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል ብሎ ማሰቡ ነው።

መቼ ነው መጨነቅ ያለብኝ?

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህንን በቅርብ አይቶታል። የ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ የመክፈቻ ሲሪሱን በሜዳው ለኒው ዮርክ ሜትስ 2 ለ1 አስረከበ፤ እሑድ ያዳነው ትሬ ተርነር በመጨረሻው ኢኒንግ የመታው ሆም ረን ነው። ተርነር ከሁለት ቀን በኋላ ጣቱ ተሰብሮ ወጣ። ሜይ 23 ላይ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ከነበሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፈና ኦክቶበር 30 ዋንጫውን አነሳ፤ ከተማዋ ከ1924 ወዲህ ያላየችውን።

በዚያ ዓመትም ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እውነት የተናገረ ምልክት ነበር፤ ቡልፔኑ። ትሬቨር ሮዘንታል በጣም ፈጣን ወርዋሪ ሆኖ ሳለ ከመክፈቻው ሲሪስ ጀምሮ በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድም ሰው ማስወጣት አልቻለም። የናሽናልስ ቡልፔን ዓመቱን ሙሉ ደካማ ሆኖ ቀጠለ። ክለቡ በጁን ሮዘንታልን አሰናበተ፤ ጁላይ 31 ዳንኤል ሃድሰንን አመጣ። የመጨረሻውን ጨዋታ የመጨረሻ ኳስ የወረወረው ሃድሰን ነው።

ተቃራኒውም ይሆናል። የ2025 ሜትስ ጁን 12 ላይ 45 አሸንፎ 24 ተሸንፎ በሊጉ አናት ላይ ነበር፤ ዓመቱን 83 ለ79 ጨርሶ ከፕሌይኦፍ፣ ማለትም ዋንጫው ከሚለይበት የመጨረሻ ዙር፣ ውጭ ቀረ። 70 ያህል ጨዋታ እንኳ ያታልላል።

ይህ ማለት ግን መጥፎ ጅማሬ ሁልጊዜ ይስተካከላል ማለት አይደለም። የ2024 ቺካጎ ዋይት ሶክስ ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች 3 ብቻ አሸንፎ ነበር፤ 121 ተሸንፎ ጨረሰ። የ1988 ባልቲሞር ኦሪዮልስ 21 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነው የጀመረው፤ እሱም 107 ተሸነፈ። ጥሩ ቡድን ከ25ቱ 22 ሊሸነፍ አይችልም፤ ዕድል ያን ያህል አይጨክንም። ስለዚህ የኤፕሪል መጨረሻ፣ 25 ወይም 30 ጨዋታ ሲሞላ፣ በጣም መጥፎውን ለመለየት ይበቃል። መካከለኛውን ከጥሩው ለመለየት እስከ ሜይ መጨረሻ፣ ሃምሳ ምናምን ጨዋታ እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል። ክለቦቹ ራሳቸውም ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ ትልቁን ውሳኔ የሚያቆዩት የዝውውር ቀነ ገደቡ እስከሚዘጋበት፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ጁላይ መጨረሻ ነው።

በኤፕሪል የተሸነፉት ጨዋታ በሴፕቴምበር ይፈለጋል?

አዎ፤ ይህ ብዙ ደጋፊ ያላስተዋለው ነው። ድሮ ሁለት ቡድን እኩል ከጨረሰ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ይደረግ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። 30ዎቹ ቡድኖች አሜሪካንና ናሽናል በሚባሉ ሁለት ሊጎች፣ እያንዳንዱም ሊግ በሦስት ምድቦች የተከፈሉ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ሊግ ስድስት፣ በጠቅላላ 12 ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ ይገባል፤ እኩል የሆኑት የሚለዩት በወረቀት ነው። መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ሲጫወቱ ማን ብዙ አሸነፈ የሚለው ነው። እሱም እኩል ከሆነ በየምድባቸው ውስጥ ያስመዘገቡት ውጤት ይታያል፤ ከዚያ በዚያው ሊግ ካሉ ሌሎች ምድቦች ጋር ያላቸው።

በ2025 ሲንሲናቲ ሬድስና ሜትስ ሁለቱም 83 ለ79 ጨረሱ። በመጨረሻው ቀን ሁለቱም ተሸንፈው ነበር። ሬድስ እርስ በርስ 4 ለ2 ስለመራ ገባ፤ ሜትስ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ብሉ ጄይስና ያንኪስ 94 ለ68 እኩል ሆነው ምድቡን ቶሮንቶ ወሰደ፤ እርስ በርስ 8 ለ5 ነበሩ። በ2022 አትላንታ ብሬቭስና ሜትስ 101 ለ61 እኩል ጨርሰው ምድቡ ለአትላንታ የሆነው በ10 ለ9 ነው፤ በአንድ ጨዋታ።

ስለዚህ የኤፕሪል ሲሪስ ሲመጣ ተጋጣሚው ማን እንደሆነ እዩ። ከሌላው ሊግ የመጣ ቡድን ከሆነ ሽንፈቱ የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከምድባችሁ ከሆነ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ እናንተ ትወርዳላችሁ፣ እሱ ይወጣል፣ የእርስ በርስ ቁጥሩም ወደ እሱ ያጋድላል። ከ2023 ጀምሮ በአንድ ምድብ ያሉ አምስት ቡድኖች እርስ በርስ የሚገናኙት 13 ጊዜ ነው፤ ቀድሞ 19 ነበር። 13ቱ ሁሉ ከተጫወቱ እኩል መውጣት የለም፤ አንዱ 7 መድረስ አለበት። በኤፕሪል አንድ ሳምንት መጨረሻ ሦስቱን የወሰደ ቡድን ከቀሩት 10 አራቱን ብቻ ቢያሸንፍ ይበቃዋል።